እመቤታችንን የሚቀድም የለም

ውሸታም ወላጅ ከሩቁ ይሸተኛል። በክረምቱ ዕረፍት በየጠዋቱ መስኮቴ ፊት ይሰለፉና ልጃቸውን በትከሻው ይዘው ወደ ፊት እየገፉ «የኛ ልጅ መካከለኛ ነው፤ ከጀማሪዎች ጋር እንዳታስገቢብን» ይሉኛል። አላምናቸውም፤ አልጨቃጨቃቸውምም። ጎንበስ እልና ልጁን «የኔ ጌታ፣ እስቲ እንዴት ነው የምትቆመው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። በረዶ ላይ በስኪ መንሸራተት የሚችል ልጅ እግሩን ያሳየኛል። የማይችል ልጅ እናቱን ያያል። እናቱን ያየውን ቢጫ ሰደርያ አልብሼ ወደ ጀማሪዎቹ እሰደዋለሁ።

በሴሮ ፔዌን የስኪ ተራራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። የእንግዳ አገልግሎቱም የበረዶ ትምህርት ቤቱም በእኔ እጅ ነው፤ ሠላሳ አንድ አስተማሪ፣ አንድ የትኬት መስኮት፣ አንድ የአቤቱታ ሳጥን፣ በየክረምቱ ባለቤት የሚጠፋለት አንድ ክፍል ሙሉ ጓንት። የትኛው አስተማሪ ለየትኛው እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ። ፈሪዋን ሴት ለትዕግሥተኛው፣ ጉረኛውን የሳንቲያጎ ጠበቃ ለዝምተኛዋ እሰጣለሁ። ጠዋት አስተማሪዎቹ በቀይ ጃኬታቸው ተሰልፈው ሲጠብቁኝ «ዛሬ በረዶው ዱቄት ነው፤ ምሳ ሳይደርስ ላይኛውን መስመር ተጠቀሙበት» እላቸዋለሁ። «ዶኛ ኖልፋ ካሉ አለቀ» ይላሉ፤ ዶኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው።

ስኪ ግን አልችልም።

አልችልም ስል ትንሽ ትንሽ እሞካክራለሁ ማለቴ አይደለም፤ ጭራሽ አልችልም ማለቴ ነው። ስለ በረዶው የምናገረውን ሁሉ የለቀምኩት ከላይ ከሚመጡት ሰዎች አፍና ጫማ ነው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የሳቱርኒኖ ካንዲያ ልጅ፣ ግማሹን ተራራ ስኪ ያስተማረው ሰውዬ ልጅ፣ አትችልም ብሎ ማን ያስባል? በመጀመሪያው ዓመት አንዱ «ለምን ላይ አትወጪም?» ቢለኝ «ጉልበቴ» አልኩት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ጉልበቴ የራሱን ታሪክ አበጀ፤ አንዳንዱ በውድድር ላይ ተሰበረች አለ፣ አንዳንዱ ከአንድ አርጀንቲናዊ ጋር ስትሽቀዳደም አለ። እኔ ዝም አልኩ። «ማን አሸነፈ?» ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝና «እኔ ነኛ!» አልኩ።

አባቴ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ስድሳ ክረምት ቁልቁል ሲበር አንድ አጥንት አልሰበረም። ጁላይ ሃያ ሰባት ቀን አምፖል ልቀይር ብሎ ከወጥ ቤቱ በርጩማ ላይ ወደቀና ዳሌውን ሰበረ። ሆስፒታል ስደርስ ስለ ሕመሙ አንድ ቃል አልተናገረም።

«እመቤታችንን አንቺ ታወርጃታለሽ» አለኝ።

«እኔ?»

«ሌላ ልጅ ወልጃለሁ እንዴ?»

«አባዬ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ስኪ እግሬ ላይ አድርጌ አላውቅም። ከሰው ሁሉ አንተ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ዘጠኝ ቀን አለሽ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በየዓመቱ ኦገስት አምስት፣ በበረዶዋ እመቤት በዓል፣ ከላይኛው ጣቢያ አጠገብ ካለችው ትንሽ ቤተ ጸሎት እስከ ታች ድረስ ምስሏን በስኪ እናወርዳለን። ሁለት ክንድ የማትሞላ የእንጨት ምስል ናት፤ አያቴ ነው የጠረባት። በጀርባ ትታዘላለች፣ ፊቷም ወደ ኋላ ወደሚከተሏት ነው። እሷ እያየችው ማንም ጀርባውን አይሰጣትም፤ ስለዚህ የቱንም ያህል ቢቸኩል ማንም አይቀድማትም። የሚያዝላት ደግሞ ከጠረባት ሰው ዘር መሆን አለበት። የጠራቢው ቤት ያቃተው ቀን ወደ ቀቢው ቤት ትሻገራለች፤ ከተሻገረች ወዲያ አትመለስም። የቀቢው የልጅ ልጅ ኤሊሴዮ ባላዳሬስ ነው፣ ሰዉን በገመድ ወደ ተራራው የሚያወጡት ወንበሮቻችን አለቃ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አንድ ሁለት ብርጭቆ ወይን ሲቀምስ «አያቴ ባይቀባት እኮ ማገዶ ነበረች» ማለት ይወዳል። አባቴ ይህን ሲሰማ ደም ሥሩ ይገታተራል።

አባቴ እኔንም አንድ ጊዜ ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነበር። ለሌላው ሰው ማር የሆነው ምላሱ ለእኔ ሲሆን ኮምጣጤ ሆነ። ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ ወደቅሁ። በመጨረሻ ክፍሉ በሙሉ እየሰማ «ይቺ ልጅ የድንች ጆንያ ናት! ከእኔ አልተወለደችም!» ብሎ ጮኸብኝ። ስኪውን ፈታሁና እዚያው በረዶው ላይ ጥዬ «ይቅርታ እስክትጠይቀኝ ሁለተኛ አላደርገውም!» አልኩት። ከዚያ አርባ አራት ዓመት አለፈ። ገናን አብረን አክብረናል፣ እናቴን አብረን ቀብረናል። እሱ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ስኪ አላደረግሁም። ግትርነትን ማን ከማን እንደወረሰ እግዜር ይፍረድ።

በማግስቱ ኤሊሴዮ ባርኔጣውን አውልቆ መስኮቴ ላይ ቆመ።

«ስለ አባትሽ፣ ስለ ዶን ሳቱር ሰማሁ፤ አዝኛለሁ» አለ። «እና እንግዲህ... ዘንድሮ እመቤታችንን... ያው አንቺም ጉልበትሽ...»

«ጉልበቴ ድኗል።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ጉድ እኮ ነው! ሃያ ሁለት ዓመት ያመመ ጉልበት ትናንት ዳነ?»

«እመቤታችን ተአምር አትሠራም እያልክ ነው?»

ወዲያው አማተበና ሄደ። እኔ መስኮቱን ዘግቼ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ነካኝ? አፌ ሁልጊዜ ከእግሬ ይቀድማል።

ያስናን ጠራኋት። ያስና የትንንሾቹ ልጆች አስተማሪ ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በትምህርት ቤቴ ውስጥ አልቅሶ የማያውቅ ክፍል ያላት እሷ ብቻ ናት። ስኪ ማከማቻው ውስጥ አስገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ከሳቅሽ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ጓንት ትለቅሚያለሽ።»

ነገርኳት። አልሳቀችም፤ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

«ዶኛ ኖልፋ... አርጀንቲናዊውስ?»

«አርጀንቲናዊ የለም።»

«ወይኔ! እኔ እኮ ልጆቹን ሁሉ በእርስዎ ታሪክ ነው የማበረታታው!»

ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ወደ ሥራዋ ገባች። አንድ ስኪ አንሥታ አጠገቤ አቆመችው፤ ግንባሬ ላይ ደረሰ፤ መለሰችው። ሌላ አመጣች፤ አገጬ ሥር ቆመ። «ይኼ ነው» አለች። «የጀማሪ ስኪ ከአገጭ አያልፍም። ረዥም ስኪ ለጀማሪ የሚሰጥ ሰው ሊያስተምር ሳይሆን ሊጥል ነው።»

«በእኔ ጊዜ የለካኝ የለም» አልኳት።

ችግሩ መሸሸጉ ነበር። ጀማሪዎችን ወደ ላይ የሚወስደው ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይነሣም፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ተራራው በሰው የተሞላ ነው። ያስና አሰበችና «ሄልሜትና መነጽር ያደረገ ሰው ፊት አለው እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። በእኛ ሥራ ሰው ሁሉ ጭንብል ለብሶ ነው የሚውለው። እናም ቢጫ ሰደርያ ለበስኩ፣ አፍንጫዬን በሻርፕ ሸፈንኩ፣ ስሜም ከኮንሴፕሲዮን ከተማ የመጣች ሴኞራ ቤርታ ሆነ። ቢሮዬ በር ላይ «ከኢንሹራንሶች ጋር ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። አንድ ግዴታ ነበረብኝ፦ እንዳልናገር። ድምፄን ተራራው ሁሉ ያውቀዋል። እኔን አንድ ሰዓት ዝም በይ ማለት ውኃን ዳገት ውጣ ማለት ነው።

ስምንት የክፍል ጓደኞች ነበሩኝ፤ ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሁለት ዓመት ለእንግዳ ስነግር የኖርኩት ነገር ሁሉ ተራ በተራ ውሸት ሆኖ ተገኘ። «ጫማው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚያስጨንቀው» እል ነበር። ያንን ጫማ የሠራ ሰው የሰው ልጅ ጠላት ነው! «የመጀመሪያው አወዳደቅ ነው ከባዱ» እል ነበር። አሥራ አራተኛው ይብሳል። ከትምህርቱ በኋላ በስውር ቅጽ ሞልቼ ራሴ የአቤቱታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ከሰዓት በኋላ ራሴ ከፍቼ አነበብኩትና ለሴኞራ ቤርታ አዘንኩላት።

ያስና ሁለት ነገር ነው የምታስተምረው። የስኪዎቹ አፍንጫ ተገጣጥሞ ኋላቸው ሲከፈት ፒዛ ይባላል፤ ትቆማለህ። ጎን ለጎን ቀጥ ሲሉ ችፕስ ይባላሉ፤ ትሄዳለህ። «ፒዛ!» ስትል ስምንቱ ፒዛ ይሆናሉ። እኔ ችፕስ ሆኜ አጥሩ ውስጥ እገባለሁ።

በሁለተኛው ቀን ምንጣፉ ተበላሸና ሊጠግነው የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኤሊሴዮ! እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት እግሩ ሥር ተዘርግቻለሁ። በብብቴ ይዞ አቆመኝ፣ በረዶውንም ከጀርባዬ አራገፈልኝ።

«አይዞዎት ሴኞራ!» አለኝ። «በእርስዎ ዕድሜ መጀመርዎ ራሱ ጀግንነት ነው።»

በእርስዎ ዕድሜ! ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጥ ሰውዬ! ምላሴን ነክሼ ራሴን ነቀነቅሁ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ከወደቅሁት ሁሉ ያ ነው የጠዘጠዘኝ።

በሦስተኛው ቀን ተጋለጥኩ። ስኪዬ ተጠላልፎ በደረቴ ስወድቅ ሳላስበው «ይኼን ተራራ የተከለው እጁ ይሰበር!» አልኩ። እንዲህ ብሎ የሚራገም ከእኔ በቀር የለም። ከስምንቱ አንዷ፣ የምግብ ቤቱ አብሳይ ልጅ የስድስት ዓመቷ አማንካይ፣ መጥታ ላዬ ላይ ቆመችና በመነጽሬ ውስጥ አጮለቀች።

«አንቺ ቤርታ አይደለሽም። አክስቴ ኖልፋ ነሽ።» የተራራው ልጆች ሁሉ አክስቴ ነው የሚሉኝ።

«ዝም በይ!»

«ዝም እንድል ምን ትሰጪኛለሽ?»

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

ብዙ አላሰበችም። «እመቤታችን ስትወርድ ከኋላዋ የመጀመሪያዋ እኔ ልሁን። እንድታየኝ።»

ከኋላዋ የመጀመሪያው ቦታ ለአለቆችና ለቄሱ ነው። «እሺ» አልኳት። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ከዚያ በኋላ ሁለት አስተማሪ ሆኑልኝ። ያስና በትዕግሥት፣ አማንካይ በቁጣ። «አክስቴ፣ እግርሽን አትዪ! እግርሽ የትም አይሄድም!» ትለኛለች። ሌሊት አልጋዬ ላይ ተኝቼ ጣቶቼ ብርድ ልብሱ ሥር ፒዛ ይሠሩ ነበር። በአምስተኛው ቀን ከምንጣፉ ራስ እስከ ታች ሳልወድቅ ደረስኩ። በሰባተኛው ቀን ታጠፍኩ! ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ግራ፤ ተራራው ከሥሬ ለስለስ ብሎ ዞረ፣ ነፋሱ በሻርፔ ውስጥ ገባ። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይኼን ነበር ከመስኮት ውስጥ ሆኜ ሳይ የኖርኩት? ታች ስደርስ ስምንቱም አጨበጨቡልኝ። አለቀስኩ፤ መነጽሬ ውስጡ በጉም ተሞላና አጥሩን ደግሜ መታሁት።

«ደርሰናል፣ ዶኛ ኖልፋ» አለችኝ ያስና በስምንተኛው ቀን። «አንድ ቦታ ብቻ ነው የምፈራው። ክርኑን።»

ክርኑ ረዥሙ መስመር መሐል ላይ ነው። መንገዱ ሌላው ቦታ ሁሉ ለጥ ያለ ነው፤ እዚያ ብቻ እንደታጠፈ ክንድ ድንገት ይዞርና ቁልቁል ይወርዳል። ጊዜ ስላልነበረን አንድ ጊዜ ብቻ ሞከርኩት። በቂጤ ነው የጨረስኩት።

የበዓሉ ዋዜማ በረዶ ሲጥል አደረ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የእሳተ ገሞራው ጫፍ ጭሱን ቀጥ አድርጎ ለቆ፣ ጥዶቹ ሁሉ ነጭ ካባ ለብሰው ጠበቁን። እንዲህ ያለ ቀን በክረምት ሁለቴ አይመጣም። ላይኛው ጣቢያ ሁለት መቶ ሰው ነበር፦ ቀይ ጃኬት የለበሱት አስተማሪዎቼ፣ የነፍስ አድን ሠራተኞቹ፣ እንግዶቹ፣ ከሸለቆው የመጡ እርሻ ያላቸው ሰዎች፣ ካባውን በስኪ ጃኬት ላይ የደረበው ቄስ። ሰዉ የሚተነፍሰው እንፋሎት ብቻ ምስሏን እንደ ደመና ከብቧት ነበር። ምስሏን ከነእንጨት ማዘያዋ ጀርባዬ ላይ አደረጓት፤ ትከሻዬ ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች በሁለት እጄ ያዝኩ። አማንካይን ከኋላዬ አስቀደምኳት። ኤሊሴዮ ከእሷ ቀጥሎ ቆመ።

«ይቺ ልጅ ምን ልትሠራ ነው?» አለ።

«እመቤታችን ጠርታት ነው» አልኩት።

ጀመርኩ። የመጀመሪያው ግማሽ ሜዳ ማለት ይቻላል። ፒዛዬን ትንሽ ከፍቼ፣ እግሬን ሳላይ፣ በቀስታ ወረድኩ። አባቴ ይህን መንገድ በስድስት ደቂቃ ነበር የሚጨርሰው። እኔ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ገና ከቤተ ጸሎቷ አልራቅሁም ነበር። ከኋላዬ መዝሙሩ ይሰማኛል፣ በመዝሙሩ መሐል ደግሞ ሹክሹክታ። «አካሄዷን አየሽው? እንዴት ያለ አክብሮት ነው!» አለች አንዷ። «ዶን ሳቱር እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆላት አያውቅም» አለ ሌላው። እኔ በሆዴ እመቤቴ ሆይ ክርኑን አንሺልኝ እላለሁ።

ክርኑ አልተነሣም። ጫፉ ላይ ደርሼ ቁልቁል አየሁ። እግሬ ቀጥ አለ፤ ቆምኩ። መዝሙሩም ከኋላዬ ቆመ። ከታች፣ ከጥዶቹ ማዶ፣ ሜዳው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታየኛለች፤ አባቴ ነበር፤ ለበዓሉ ከሆስፒታል በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተውታል።

ኤሊሴዮ ከኋላዬ ቀረብ አለ። ለብቻዬ እንዲሰማኝ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው፤ ደግነት ነበረበት፤ ክፋቱም እሱ ነው።

«ኖልፋ፣ ጉልበትሽ ነው። ስጪኝ። ማንም አይፈርድብሽም። የጀግና ጉልበት ነው እንላለን።»

እውነቱን ልናገር፤ ትከሻዬ ማሰሪያውን ሊለቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ምስሏን ብሰጠው ውሸቴ ይተርፍልኛል። አርጀንቲናዊው ይተርፍልኛል፣ «ዶኛ ኖልፋ ካሉ አለቀ» ይተርፍልኛል፣ መስኮቴም ይተርፍልኛል። እሷ ብቻ ከአያቴ ቤት ትወጣለች፣ ታች ያለው ሽማግሌም በኤሊሴዮ ጀርባ ላይ ስትመጣ ያያታል። ከዚያ ወዲያ አጥንቱ ቢጠገን ምን ይረባዋል?

«ጉልበቴ ደህና ነው» አልኩ፤ እኔ ደግሞ ዝቅ ያለ ድምፅ አላውቅም። «ጉልበቴ ደህና ነው፣ ኤሊሴዮ! ሁልጊዜም ደህና ነበር። ስኪ አልችልም!»

«ምን?»

«አልችልም! ችዬም አላውቅም። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው።»

ከዚያ ከአስተማሪዎቹ አንዱ «አርጀንቲናዊውስ?» አለ።

«የለም!»

ኤሊሴዮ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። አየኝ፣ ጫማዬን አየ፣ ያስናን አየ፣ ተመልሶ እኔን አየ። «ሴኞራ... ቤርታ?» አለ።

አማንካይ ትዕግሥቷ አልቆ ነበር። «አክስቴ! ትልቅ ፒዛ! ትልቁን፣ ለሰው ሁሉ የሚበቃውን!» ብላ ጮኸች።

እና ከፈትኩት። አፍንጫቸውን አገጣጥሜ፣ ተረከዜን ወደ ውጭ ገፍቼ፣ ጭኔ እሳት እስኪሆን ከፍቼ፣ ክርኑ ውስጥ ገባሁ። ጀርባዬ ላይ እመቤታችን ወደ አንድ ጎን ዘመም አለች፤ ተመልሳ ተቃናች። ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። እግሬን አላየሁም። በክርኑ ሥር ብቅ ስል ከራሴ አፍ እልልታ የሚመስል ነገር ወጣ።

አሁን የእነሱ ተራ መጣ። እሷ ፊቷን ወደ እነሱ አዙራ እያየቻቸው ነው፤ የሚቀድማት የለም፤ እኔ ደግሞ በኤሊ ፍጥነት ነው የምሄደው። ክርኑን በዚያ ፍጥነት የሚወርድበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ሁለት መቶ ሰው ፒዛ ሆነ! ለብሔራዊ ቡድን የተወዳደሩት ወንድማማቾች ፒዛ፣ ነፍስ አድኖቹ ፒዛ፣ ቄሱ ካባውን ይዞ ፒዛ፣ ኤሊሴዮም እንደ ጥጃ እየተንቀጠቀጠ ፒዛ። ከአምስት ዓመታቸው ወዲህ እንዲህ ሄደው አያውቁምና ጭናቸው እየተቃጠለ ይቃትቱ ጀመር። አንዱ ሳቀ። ሌላው ተቀበለው። ከዚያ የሳቁ ሰዎች በዚያው ሳቅ መዝሙሩን አነሡት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሲዘመር ሰምቼ አላውቅም። አማንካይ «ሰፋ ያድርጉት ዶን ኤሊሴዮ! ቁራጭዎ ጠባብ ነው!» ስትል ይሰማኛል። «እሺ አክስቴ» አላት እሱም፣ የስድስት ዓመቷን ልጅ። ስድስት ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን።

መጨረሻው ሜዳ ላይ የተሰበሰበው ሰው ለሁለት ተከፍሎ መንገድ አበጀልኝ። በመንገዱ ጫፍ አባቴ፣ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። መሬቱ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ይወርዳል፤ እኔም ወደ እሱ እወርዳለሁ፤ እየፈጠንኩ። ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አባቴ ንቅንቅ አላለም።

«እንዴት ነው የምትቆሚው?» ብሎ ጮኸ።

የእኔን ጥያቄ! ከእሱ እንደተማርኩት እንኳ ረስቼው ነበር። ፊቱን አላየሁም። እግሬን አሳየሁት። በረዶው በሁለት በኩል ተነሣ፣ የስኪዎቼም አፍንጫ ከወንበሩ ጎማ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆምኩ።

እንደ ወጉ ተንበረከክሁና ጀርባዬን ሰጠሁት፣ የመጀመሪያው የሚሳለማት እሱ ነውና። እጁ ምስሏ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ጸሎቱን አልጀመረም። ስኪዎቼን እያየ ነበር።

«አገጭ ድረስ ናቸው» አለ።

«ያስና ለክታኝ ነው።»

«ደግ አደረገች።» ሳል አለ። «ያን ጊዜ የሰጠሁሽ የአጎትሽ ልጅ ስኪ ነበር። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚሆን። ከራስሽ በላይ አንድ ክንድ ይተርፍ ነበር። ሌላ መግዛት አልቻልኩም፣ ሰው እንዲያውቅብኝም አልፈለግሁም። በዚያ ስኪ እኔም ብሆን እወድቅ ነበር። አውቄው ነው የጮህኩብሽ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ጀርባዬን ሰጥቼው ስለነበር ፊቴን አላየም፤ እኔም የእሱን አላየሁም። ማሰሪያውን ጨብጬ እንባዬ በረዶው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስሰማ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ረዥም ንግግር ነበር፣ ስድብም ነበረበት። አንዱም አልመጣልኝም።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። «ግን ይህን ለማለት አርባ አራት ዓመት?»

«አንቺስ ከላይ እስከዚህ ለመድረስ?» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ዳሌውን ስለወጋው አቃሰተ። ከዚያ በዱላው ጫፍ የግራ ስኪዬን ነካ አደረገ። «ይቺኛዋ ትዘገያለች። ስትታጠፊ ክብደትሽን አትሰጫትም። ነገ ጠዋት ምንጣፉ ጋ ወንበሬን አስወስጂልኝ፤ እዚያ ሆኜ አስተካክልሻለሁ።»

«ትጮህብኛለህ?»

«እንዴታ! እጮህብሻለሁ።»

«እንግዲያው ሦስት ሰዓት ላይ» አልኩት። «ቢጫ ሰደርያ እለብሳለሁ።»